ከ2001 በፊት ለተተኮሰባቸውም ይገባል

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ባጅ ነው። የአሜሪካ ጦር ሠራዊት ውጊያ ለገባ ወታደር የሚሰጠው፣ ደረት ላይ ከሪባኖቹ ሁሉ በላይ የሚሰካው ባጅ። ይገባኛል፣ አይገባህም በሚል ሰዎች ለዓመታት ደብዳቤ የሚጻጻፉበት ነገር ነው። ይገባቸው የነበሩ ብዙዎች ሳያገኙት ሞተዋል።

ለማታውቁኝ፣ የምኖረው ቨርጂኒያ ነው። በዲቪ መጣሁ፣ ሠራዊቱን ተቀላቀልኩ፣ ሥራዬ ከባድ መኪና መንዳት ነበር። ኢራቅም ስሄድ ያንኑ ነው የሠራሁት። አንድ ቀን ኮንቮያችን ላይ ተኩስ ተከፈተ፣ እኛም መለስን። ከወራት በኋላ ኮምባት አክሽን ባጅ የሚባለውን ሰጡኝ። በአጭሩ ሲኤቢ ይባላል።

አንድ ሽማግሌ ወዳጅ አለኝ፣ አሜሪካዊ ነው። እሱም የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፣ ቬትናም ውስጥ። እሱንም አድፍጠው ተኩሰውበታል፣ እሱም መልሷል። ደረቱ ላይ ግን ምንም የውጊያ ባጅ የለም። ሥራችን አንድ፣ የደረሰብን ነገር አንድ፣ የሚለየን ዓመተ ምሕረቱ ብቻ ነው። ይሄ ነገር አሁንም ያበሳጨኛል፣ ስለዚህ ዛሬ በደንብ ላውራው። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከመጀመሪያው እንነሳ። ትልቁና የቆየው ባጅ የእግረኛ ተዋጊ ባጅ ነው፣ ወታደሮቹ ሲአይቢ ይሉታል። በሰማያዊ መደብ ላይ ረጅም ጠመንጃ ተኝቶበታል፣ ዙሪያውን የኦክ ቅጠል ጉንጉን አለው። የወጣው በኦክቶበር 1943 ነው። ያኔ እግረኛው ከማንም በላይ ይሞታል፣ ከማንም በላይ ጭቃ ውስጥ ያድራል፣ ክብሩን ግን አብራሪው ነው የሚወስደው። ሠራዊቱ ይህን ለማስተካከል ነው ያወጣው። በጦርነቱ ጊዜ ባጁ ያለው እግረኛ በወር 10 ዶላር ተጨማሪ ይከፈለው ነበር፣ ያኔ ትንሽ ገንዘብ አይደለም። በ1947 ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ባጁን ላገኙ ሁሉ የብሮንዝ ስታር ሜዳይ እንዲሰጣቸው ተወሰነ።

እና ማን ነው የሚያገኘው? ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። በጣም ጀግና የሆነ አይደለም የሚያገኘው። ሦስት ነገር ይጠየቃል። ሙያህ እግረኛ ወይም ልዩ ኃይል መሆን አለበት። የተመደብክበት ክፍል ብርጌድ ወይም ከዚያ በታች የሆነ የእግረኛ ወይም የልዩ ኃይል ክፍል መሆን አለበት። ከዚያ ክፍሉ ሲዋጋ አንተ ራስህ እዚያ ተገኝተህ በውጊያው መሳተፍ አለብህ። ማዕረግህም ከኮሎኔል መብለጥ የለበትም። አንዱ ከጎደለ፣ ባጁ የለም። ከእግረኛው ጋር እየሮጡ ቁስለኛ የሚያነሱት የሕክምና ወታደሮች እንኳን ሲአይቢ አያገኙም። ለእነሱ በ1945 የራሳቸው ባጅ ወጣላቸው።

መድፈኛው፣ ታንከኛው፣ መሃንዲሱ፣ ወታደራዊ ፖሊሱና ሾፌሩ ግን ለስልሳ ዓመት ያህል ምንም አልነበራቸውም። አንዳንዶቹ እንደ እግረኛ ጠመንጃ ይዘው ጉድጓድ ውስጥ ተዋግተዋል። የሥራ ኮዳቸው ስለማይፈቅድ ብቻ አላገኙም።

ወደ ወዳጄ ልመለስ። ቬትናም ውስጥ መንገድ 19 የሚባል አለ፣ ከባሕር ዳርቻው ከኩዊ ንሆን ተነስቶ በአን ኬ በኩል ወደ ፕሌይኩ የሚወጣ። ያ ተራራ ለሾፌሮች መቃብር ነበር። ሴፕቴምበር 2 ቀን 1967 አንድ ኮንቮይ እዚያ ተመታ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ከሠላሳ በላይ መኪና ወደመ ወይም ተጎዳ፣ 7 ሰው ሞተ። ከዚያ በኋላ ሾፌሮቹ ራሳቸው መፍትሔ ፈለጉ። የጭነት መኪናውን ጎን በብረት ለበጡት፣ መትረየስ ጫኑበት፣ ኮንቮዩን አጅበው መሄድ ጀመሩ። ገን ትራክ ይባላል። ከነዚያ መኪኖች አንዱ እዚሁ ቨርጂኒያ ፎርት ዩስቲስ ያለው የትራንስፖርት ሙዚየም ውስጥ ቆሟል፣ ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና እዩት። ብረቱን ነክታችሁ፣ እነዚህ ሰዎች አልተዋጉም የሚል ሰው ካለ ንገሩኝ።

ወዳጄ ለሲአይቢ አመልክቶ ነበር። የመጣለት መልስ አጭር ነው፣ የሥራ ኮድህ ሾፌር ስለሆነ አይገባህም። በደንቡ ከሄድን መልሱ ትክክል ነው። ደብዳቤውን እኔም አንብቤዋለሁ፣ ስህተት የለበትም። እሱ ግን ያነበበው ሌላ ነገር ነው። «እዚያ አልነበርክም» እንዳሉት ነው የወሰደው። ከዚያ በኋላ ስለ ቬትናም ማውራት አቆመ። ሚስቱ ናት የነገረችኝ።

እና እንዲህ ያለ ደብዳቤ ለደረሳችሁ ወይም ለሚደርሳችሁ ሁሉ ይህን እላለሁ። ያ ደብዳቤ ስለ ሥራ ኮድና ስለ ክፍል ነው የሚያወራው። ስለ እናንተ ድፍረት አንድም ቃል የለበትም። «እዚያ አልነበራችሁም» አይልም።

ቀጥሎ 2005 መጣ። ኢራቅ ውስጥ ግንባር የሚባል ነገር የለም፣ መንገዱ ሁሉ ግንባር ነው፣ በጣም ከሚመቱት አንዱም ሾፌር ነው። በዚያ ዓመት ማርች 20 ቀን ባግዳድ አቅራቢያ አንድ የጭነት ኮንቮይ ተመታ፣ ያጅቡት የነበሩት የኬንታኪ ብሔራዊ ዘብ ወታደራዊ ፖሊሶች ወደ ጠላት ጉድጓድ ገብተው ተዋጉ። ከነሱ አንዷ ሊ አን ሄስተር ናት። ሲልቨር ስታር የሚባለውን የጀግንነት ሜዳይ ተሸለመች፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የመጀመሪያዋ ሴት። ሲአይቢ ግን ልታገኝ አትችልም ነበር። ፖሊስ ናት፣ በዚያ ላይ ያኔ ሴት እግረኛ መሆን አይፈቀድላትም፣ ያ በር ሙሉ በሙሉ የተከፈተው በ2015 መጨረሻ በተሰጠው ውሳኔ ነው። እስቲ አስቡት፣ ሴቷ ምንም ብታደርግ ያንን ባጅ የምታገኝበት መንገድ አልነበረም።

በዚያው በ2005 ሜይ ላይ ሲኤቢ ጸደቀ። ሙያህ ምንም ይሁን፣ ከጠላት ጋር ከተታኮስክ ወይም ጠላት በቀጥታ ካጠቃህና ግዴታህን በአግባቡ ከተወጣህ ይገባሃል። ጥሩ ውሳኔ ነው፣ እኔም በሱ ነው ያገኘሁት። ግን ወደኋላ የሚሠራው እስከ ሴፕቴምበር 18 ቀን 2001 ብቻ ነው። ከዚያ ቀን በፊት የተዋጋ አይመለከተውም።

አሁን ባሕር ኃይሉን እዩ። ባሕር ኃይልና ማሪን የራሳቸው የውጊያ ሪባን አላቸው፣ የወጣው በ1969 ነው። ኮንግረስ በ1999 ባወጣው ሕግ ያንን ሪባን እስከ ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ድረስ ወደኋላ ወሰደው። ፐርል ሃርበር እስከተመታችበት ቀን ማለት ነው።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ በአንድ ቦታ ላሳያችሁ። ኮሪያ፣ 1950 መጨረሻ፣ የቾሲን ሐይቅ። ከሐይቁ በስተ ምዕራብ ማሪኖች ነበሩ፣ በስተ ምሥራቅ ከ7ኛው ክፍለ ጦር የመጡ የጦር ሠራዊቱ ሰዎች። ከነሱ መሃል 57ኛው የመድፍ ሻለቃ አለ። ቻይናዎቹ በሌሊት ሲመጡባቸው መድፈኞቹ ከእግረኛው ጋር ትከሻ ለትከሻ ነው የተዋጉት፣ ብዙዎቹ ከዚያ አልወጡም። ዛሬ ከምዕራብ በኩል የነበረው የማሪን መድፈኛ የውጊያ ሪባን ይገባዋል፣ ከምሥራቅ በኩል የነበረው የሠራዊቱ መድፈኛ ግን ምንም የለውም። ሐይቁ አንድ፣ ብርዱ አንድ፣ ጠላቱ አንድ! በነገራችን ላይ እዚያ አብሯቸው የተመታው አንድ ሻለቃ ከ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ነው፣ የኛ ቃኘው ሻለቃ በ1951 ኮሪያ ሲገባ የተመደበው ከዚሁ ሬጅመንት ጋር ነው። አባቶቻችን የደረሱት ያ ሬጅመንት ቁስሉ ገና ሳይሽር ነው።

ስለዚህ አቋሜ ግልጽ ነው። ሲኤቢ እስከ 1941 ወደኋላ ይሂድ። በኮንግረስ ይህን የሚጠይቁ ረቂቆች ቀርበው ያውቃሉ፣ ሕግ ሆነው ግን አልወጡም። የሚነሳውን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። ማስረጃው ጠፍቷል፣ ማን እንደነበረ በምን ይረጋገጣል፣ ጥያቄው ይበዛል ይባላል። ግን እኮ ሠራዊቱ ዛሬም ለዚያ ዘመን እግረኞች የሲአይቢ ጥያቄ ተቀብሎ በማስረጃ ይመረምራል። ለእግረኛው የሚሠራው ምርመራ ለመድፈኛውና ለሾፌሩ የማይሠራበት ምክንያት ምንድነው? ባሕር ኃይሉስ እንዴት ቻለው?

ማስረጃ ካልኩ አይቀር፣ ሌላውን ችግር ላንሳ። መስፈርቱን ሙሉ በሙሉ አሟልቶ ባጁ ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረለት ሰው አለ። ከሠራዊት ስትሰናበቱ የሚሰጣችሁ ወረቀት ዲዲ 214 ነው፣ የወታደርነት ሕይወታችሁ በሙሉ በዚያ ይጠቃለላል። የሚሞላው አንድ ጸሐፊ ነው፣ እናንተ ወደ ቤት ልትሄዱ ትቸኩላላችሁ፣ ፈርሙ ትባላላችሁ፣ ትፈርማላችሁ። በዚያ ላይ ጁላይ 12 ቀን 1973 ሴንት ሉዊስ የሚገኘው የብሔራዊ ወታደራዊ ሠራተኞች መዝገብ ማዕከል ተቃጠለ። ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚገመት ፋይል ወደመ። ከ1912 መጨረሻ እስከ 1960 መጀመሪያ ከተሰናበቱት የጦር ሠራዊት አባላት መዝገብ 80 በመቶ ያህሉ አመድ ሆነ። ቅጂ አልነበረውም። እንግዲህ የኮሪያ ዘማች የሆነ ሰው «ማስረጃህን አምጣ» ሲባል ምን እንደሚሰማው ገምቱ።

ቢሆንም መንገድ አለ። የእያንዳንዱ ሻምበል ዕለታዊ ሪፖርት ሌላ ቦታ ተቀምጦ የተረፈ አለ፣ ማን እንደገባ፣ ማን እንደቆሰለ፣ ማን እንደወጣ በየቀኑ ይጻፍበት ነበር። መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት ኬንታኪ ፎርት ኖክስ ያለው የሠራዊቱ የሽልማት ክፍል ነው። እነሱ እምቢ ካሉ በዲዲ 149 ቅጽ ወደ መዝገብ እርማት ቦርድ ይኬዳል። ቦርዱ ላይ የሚወስኑት ሦስት ሲቪሎች ናቸው። ስህተቱን ካወቃችሁበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ዓመት ውስጥ አመልክቱ ይላል ሕጉ፣ ቦርዱ ግን ለፍትሕ ሲል ጊዜውን ሊያልፈው ይችላል። ከተሳካ ዲዲ 215 የሚባል የእርማት ወረቀት ይሰጣችኋል።

የቦርዱ ውሳኔዎች ስም ተሰርዞባቸው ለሕዝብ ክፍት ናቸው፣ እኔ ብዙ አንብቤያለሁ። ቦርዱ የሚነሳው መዝገቡ ትክክል ነው ብሎ ነው፣ ስህተት መሆኑን የማሳየት ሸክሙ የናንተ ነው። «ክፍሌ እዚያ ነበር» ማለት ብቻውን አይበቃም። የሚጠየቀው አንተ ራስህ በዚያ ቀን የት ነበርክ ነው። የሚረዳው አብሯችሁ የነበረ ሰው በመሐላ የሰጠው ቃል፣ የሆስፒታል ወረቀት፣ ስማችሁ ያለበት ትእዛዝ ነው።

ስም ሲነሳ ደግሞ የኛ የሐበሾች ጣጣ አለ። የኔ የባጅ ትእዛዝ ላይ የአያቴ ስም ነው በመጨረሻ ስምነት የገባው፣ ሌላው ወረቀቴ ሁሉ በአባቴ ስም ነው። አንድ ፊደል ከተለወጠ፣ ጥላሁን ሌላ ቦታ በሌላ አጻጻፍ ከሰፈረ፣ ኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ነው የሚያየው። ብዙዎቻችሁ ዜግነት ስትወስዱ ስም አስተካክላችኋል። ማቭኒ በሚባለው ፕሮግራም በአማርኛ ችሎታችሁ የገባችሁም አላችሁ። ዛሬውኑ ዲዲ 214ችሁን አውጡና ከትእዛዞቻችሁ ጋር ፊደል በፊደል አስተያዩ።

«ለአንድ ቁራጭ ብረት ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል» የሚለኝ ሰው አለ። ብረት ብቻ አይደለም። ውጊያ ውስጥ የነበረ ሰው ቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት፣ ሄዶ ጉዳቱን ሲያመለክት፣ ሕጉ ከሌላው ወታደር ይልቅ የራሱን ቃል በቀላሉ እንዲያምኑት ያዛል። ባጁ ውጊያ ውስጥ ለመሆንህ ምስክር ነው። ባጅ የሌለው ሾፌር ግን ስለ ጆሮው፣ ስለ ጀርባው፣ ስለ ቅዠቱ ሲናገር መጀመሪያ እዚያ እንደነበረ ማስረዳት ነው የሚጠበቅበት። ለጭንቀት ሕመሙ በ2010 ቪኤ ደንቡን አላልቶታል፣ ጥሩ ነው። ለሌላው ግን አሁንም ወረቀት ይፈለጋል።

ሐሰተኞችም አሉ፣ ያላገኙትን ሰክተው የሚዞሩ። በ2013 የወጣው ሕግ በዚህ ገንዘብ ወይም ጥቅም የሚፈልግን ሰው ይቀጣል፣ የውጊያ ባጆችንም ይጨምራል። ይቀጣ። ግን በነሱ ምክንያት እውነተኛውን ሽማግሌ እንደ አጭበርባሪ ማየት ነውር ነው።

እና እባካችሁ፣ አባቱ ወይም ጎረቤቱ የቀድሞ ወታደር የሆነ ካለ፣ አብረውት የነበሩት ሰዎች በሕይወት እያሉ ቃላቸውን በጽሑፍ ይቀበል። ቀን፣ ቦታ፣ የክፍል ስም፣ ማን አጠገብ እንደነበረ። መዝገቡን ከሴንት ሉዊስ ለመጠየቅ ቅጽ 180 አለ፣ ለወታደሩና ለቅርብ ቤተሰቡ አብዛኛውን ጊዜ በነጻ ነው። ሲኤቢ ወደኋላ እንዲሄድ የምትፈልጉ ደግሞ ለወረዳችሁ የኮንግረስ ተወካይ ጻፉ። እኔ ጽፌያለሁ፣ ወዳጄም ደብዳቤዬ ላይ አብሮ ፈርሟል። ስለ ዲዲ 149 አሞላል ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ፣ በሚቀጥለው ክፍል ቅጹን ከፊቴ አድርጌ መስመር በመስመር አሳያችኋለሁ። ደህና ሁኑ።