መልስ የማያስፈራበት ክፍል

[ምስል፦ የአንደኛ ክፍል ተማሪዎች በአንድ ዴስክ ሦስት ሦስት ሆነው ተቀምጠዋል። ሰሌዳው ላይ «7 + 5 =» ተጽፏል።]

መምህርቷ ገና ጠይቃ ሳትጨርስ «ቲቸር እኔ! ቲቸር እኔ!» የሚለው ጩኸት ክፍሉን ሞላው። ጣቶች ይጮኻሉ፤ ከዴስኩ ላይ ተነስቶ ሊወጣ የደረሰም አለ። መምህርቷ ከፊት ከተቀመጡት አንዱን መረጠች።

«አሥራ ሁለት!»

«ጎበዝ! አጨብጭቡለት!»

ተጨበጨበለት። ወደሚቀጥለው ጥያቄ ታለፈ። ለተመልካች ሞቅ ያለ፣ ደስ የሚል ክፍል ነው። አሁን ካሜራውን ወደ ኋላ እናዙረው።

[ምስል፦ የመጨረሻው ረድፍ። አንዲት ልጅ ከዴስኩ ሥር በጣቶቿ ትቆጥራለች።]

ይህች ልጅ ሰባትን በልቧ ይዛ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር ብላለች። ጭብጨባው የጀመረው እዚህ ላይ ነው። ሁለት ጣት ብቻ ቀርቷት ሳለ እጇን ሰበሰበች። ትምህርቱ አላቃታትም፤ ቀደሟት እንጂ። ይህ በቀን አሥር ጊዜ ከተደጋገመ ግን እሷም መቁጠሩን ትተወዋለች። ለምን ትቆጥራለች? ጭብጨባው የሌሎች ነው።

ሜሪ በድ ሮው የተባሉ አሜሪካዊት የሳይንስ ትምህርት ተመራማሪ በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በክፍል ውስጥ የተቀዱ ድምፆችን አዳምጠው አንድ ነገር አስተዋሉ። መምህራን ከጠየቁ በኋላ መልስ የሚጠብቁት በአማካይ አንድ ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ያ ጊዜ ሦስት ሰከንድና ከዚያ በላይ ሲሆን የልጆቹ መልስ ረዘመ፤ ዝም ይሉ የነበሩት መናገር ጀመሩ፤ ልጆቹ ራሳቸው ጥያቄ ማንሳት አበዙ።

ሦስት ሰከንድ ምን ያህል ነው? እንሞክረው።

[ዝምታ፤ ሦስት ሰከንድ]

ረዘመ አይደል? ሰሌዳ ፊት ለቆመ መምህር ደግሞ ከዚህም የባሰ ይረዝማል። የክፍለ ጊዜው ደወል፣ ያላለቀው ምዕራፍ፣ የሚጮኹት ጣቶች፣ ሁሉም «ቶሎ በል» ይሉታል። ስለዚህ ደንቡን አስቀድሞ ከልጆቹ ጋር መስማማት ይሻላል፦ መምህርቷ «አሁን» እስክትል ማንም እጅ አያወጣም። እስከዚያ እያንዳንዱ ያገኘውን መልስ አብሮት ለተቀመጠው ልጅ በሹክሹክታ ይነግራል። በአገራችን መለኪያ የአንደኛ ደረጃ ክፍል 50 ተማሪ ይይዛል፤ ከዚያ በላይ የሚታጨቁባቸው ክፍሎችም ብርቅ አይደሉም። በእንዲህ ያለ ክፍል ሁሉም ልጅ አፉን ከፍቶ የሚናገርበት ሌላ መንገድ እኔ አላውቅም።

ስለ ግድግዳው ብዙ አልልም። በማዳበሪያ ጆንያ ላይ የተሳለው የፊደል ገበታ ያምራል፤ ልጆቹ በጣታቸው ሊነኩት የሚችሉበት ከፍታ ላይ ይሰቀል። ይኸው ነው።

ከባዱ ነገር የተሳሳተ መልስ ነው። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ የመሆን መብት እንዳላቸው ደንግጓል። ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ ልምጭ ሕጋዊ ከለላ የለውም ማለት ነው። ሳቅ ግን አንቀጽ የለውም። ክፍሉ በሙሉ አንድ ጊዜ የሳቀበት ልጅ እስከ ሴሚስተሩ መጨረሻ እጁን ላያወጣ ይችላል።

[ምስል፦ መምህርቷ፣ አንድ ልጅና ከለስላሳ ጠርሙስ የተሰበሰቡ ቆርኪዎች።]

ያንኑ ጥያቄ ሌላ ልጅ «አሥራ አንድ» ብሎ መለሰው እንበል። «ተሳስተሃል፣ ተቀመጥ» ማለት ቀላል ነው። መምህርቷ ግን «አሥራ አንድን እንዴት አገኘሃት?» ብላ ጠየቀችው። ልጁም አምስት ጣቶቹን እያጠፈ ቆጠረላት፦ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር፣ አሥራ አንድ። ችግሩ ወለል ብሎ ታየ። መቁጠር ያውቃል፤ መደመርም ምን እንደሆነ ገብቶታል። ያጠፋው ነገር ቢኖር ከስምንት መጀመር ሲገባው ሰባትን ደግሞ መቁጠሩ ብቻ ነው። «ተቀመጥ» ብትለው ኖሮ ይህን እሷም አታውቅ፣ እሱም አያውቅ።

ሳይሳቅበት እንዲህ መናገር እንዲችል ምን ይደረግ? መልሱ ከቤታችን አይርቅም። ማታ ማታ «እንቆቅልህ!» «ምን አውቅልህ!» እየተባባሉ ያደጉ ልጆች ያላወቀ ሰው እንደማይዋረድ ያውቃሉ። ያላወቀ አገር ይሰጣል፤ አገር የተሰጠውም መልሱን ይናገራል። አለማወቅ ራሱ የጨዋታው አንድ ክፍል ነው፤ እንዲያውም የሚያስቀው እሱ ነው። ሁሉም መልሱን ካወቀውማ ምኑን ጨዋታ ሆነ?

መምህርቷ ሰባት ቆርኪ ደረደረች፤ ቀጥሎ አምስት። ልጁ ደግሞ ቆጠረና ግራ ገብቶት ቀና አለ።

«አቃተህ? እንግዲያው አገር ስጠኝ!»

ልጁ አሰበ። ክፍሉም ጠበቀው፤ ከሦስት ሰከንድ በላይ።

«ሐረርን!»

«ሐረር ገብቼ፣ ምን አጥቼ…» አለችና ሰባተኛዋን ቆርኪ በጣቷ ሸፈነቻት። «ይቺን ቆጥረናታል። ቀጣይዋ ስንት ትባላለች?»

«ስምንት!» አለ፤ ከኋላ ረድፍ ያለችው ልጅም አብራው።