ከሽማግሌ በፊት ስልክ

(በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በወጣቶች የእግር ኳስ ቡድን የወቅት መክፈቻ ምሽት ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ ወላጆች፣ አሰልጣኞች፣ የኮሚቴ አባላት፣ እንደምን አመሻችሁ?

አዘጋጆቹ «ስፖርት ለልጆቻችን ያለው ጥቅም» በሚል ርዕስ ተናገሪ ብለውኛል። ጥቅሙን ባታውቁት ኖሮ ቅዳሜ ጠዋት በዚያ ብርድ ሜዳ ዳር አትንቀጠቀጡም ነበር። ስለዚህ እሱን ልለፈው። ሆዴ ውስጥ የቆየ ሌላ ነገር አለ። አዘጋጆቹ ይቅር ይበሉኝ።

አንድ ልጅ ወይም አንዲት እናት «አሰልጣኙ እንዲህ አደረገ» ብለው ሲመጡ የቡድን መሪ ምን ማድረግ አለበት? የመጣሁት ይህን ለማውራት ነው። ፊታችሁ ሲቀያየር አያለሁ። ግድ የለም፣ እራቱ ገና አልቀረበም።

ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲን ታውቁታላችሁ። ከዚህ በመኪና አራት ሰዓት አይሞላም። ከመካከላችን ልጁን እዚያ ያስተማረም አለ፤ የዩኒቨርሲቲውን ሹራብ ለብሶ ሲንጎራደድ አይተነዋል። እዚያ ጆ ፓተርኖ የሚባል የአሜሪካ ፉትቦል አሰልጣኝ ነበረ። ከ1966 ጀምሮ ዋና አሰልጣኝ ነው፤ ዘመኑን በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው። ቤተ መጻሕፍት በስሙ ተሰይሟል። በቁሙ ሐውልት ቆሞለታል። ተጫዋቾቹ ትምህርታቸውን እንዲጨርሱ የሚወተውት፣ የተከበረ ሰው ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ያዙልኝ።

ጄሪ ሳንደስኪ ለረጅም ዓመታት ረዳቱ ነበር። በ1977 ለችግረኛ ልጆች የበጎ አድራጎት ድርጅት አቋቋመ። ልጆቹን የሚያገኘው ከዚያ ነው። በ1998 አንዲት እናት ልጇ ፀጉሩ ረጥቦ ቤት ሲገባ አየችና ጠየቀችው። ከሳንደስኪ ጋር ሻወር እንደገባ ነገራት። እናትየው ሳትውል ሳታድር ለዩኒቨርሲቲው ፖሊስ አመለከተች። ምርመራ ተደረገ፤ ክስ ሳይመሠረት ፋይሉ ተዘጋ። በ1999 ሳንደስኪ ጡረታ ወጣ። ወደ ስፖርት ሕንፃው መግባትና መውጣቱን ግን ማንም አልከለከለውም።

በ2001፣ በየካቲት፣ አንድ ምሽት ማይክ መክዌሪ የሚባል ወጣት ረዳት ሳንደስኪን ከአንድ ልጅ ጋር ሻወር ውስጥ አየው። በማግስቱ ፓተርኖ ቤት ሄዶ ነገረው። ፓተርኖ ለስፖርት ዳይሬክተሩ ለቲም ከርሊ ነገረ። ከርሊ ከምክትል ፕሬዚዳንቱ ከጌሪ ሹልትዝ ጋር መከረ። ነገሩ ለፕሬዚዳንቱ ለግራሃም ስፓኒየርም ደረሰ። ነገሩ እዚያው ቆመ። ምን ተወሰነ? ሳንደስኪ ከእንግዲህ ልጆች ይዞ እንዳይመጣ ተነገረው። ለድርጅቱም ተነገረ። ለሕፃናት ጥበቃ መሥሪያ ቤትስ? የደወለ የለም። ያ ልጅ ማን እንደሆነ ለማወቅ እንኳ የሞከረ አልነበረም።

ሳንደስኪ የታሰረው በ2011 ኅዳር ነው። አሥር ዓመት ሙሉ! በመካከሉ ሌሎች ልጆች ተጎድተዋል። በ2012 በ45 ክሶች ጥፋተኛ ተባለ፤ ከ30 እስከ 60 ዓመት ተፈረደበት።

ዐቃቤ ሕጎቹ ፓተርኖ ለአለቃው መንገሩ ለሕጉ በቂ ነው አሉ። የፔንሲልቬንያ ፖሊስ ኮሚሽነር ግን ጋዜጠኞች ፊት ቆሞ፣ ከሕጉ ሌላ ደግሞ እንደ ሰው የሞራል ግዴታም አለ አለ። ፓተርኖ ራሱ የበለጠ ማድረግ እንደነበረበት ተናግሮ ተጸጽቷል። በተባረረበት ሌሊት ተማሪዎች አደባባይ ወጥተው የቴሌቪዥን መኪና ገለበጡ። ለተጎዱት ልጆች ተቆጥተው መሰላችሁ? ለአሰልጣኙ ነው እንጂ! በ2012 ጥር እሱ ሞተ፤ በሐምሌ ሐውልቱ ተነሳ። ከርሊና ሹልትዝ በ2017 ሕፃናትን ለአደጋ በማጋለጥ ጥፋታቸውን አመኑ፤ ስፓኒየርም በዚያው ዓመት ጥፋተኛ ተባለ።

«የፈረንጅ ጉድ ነው» የምትሉ አላችሁ። እሺ። የራሳችንን ላውራ።

የቡድኑን ስም አልጠራም፤ ፈርሷል። የምታስታውሱት ታስታውሱታላችሁ። አንድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበር፣ ግራ እግሩ የሚገርም። ድንገት ልምምድ አልሄድም አለ። እናቱ ጓደኛዬ ናት። ስልኩን ስትፈትሽ ከረዳት አሰልጣኙ የተላኩ ቴክስቶች አገኘች። ከሌሊቱ አምስት ሰዓት የተላኩ ናቸው። የመጨረሻው «ለእማዬ እንዳትነግራት» ይላል። ይዛው ወደ ኮሚቴው ሄደች።

ኮሚቴው አንድ ምግብ ቤት ጓዳ ውስጥ ተሰበሰበ። እኔም አጅቤያት ገብቻለሁ። ማኪያቶ ታዘዘ። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ከዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ነበር? «ልጁ እንዴት ነው?» የሚል እንዳይመስላችሁ። «ይሄ ነገር ከወጣ ለጁላይ ውድድር ማን ስፖንሰር ያደርገናል?» ነበር። ሁለተኛው ጥያቄ ደግሞ «ሰውዬው እኮ ባለትዳር ነው» የሚል። እሱማ ጥያቄም አይደለም።

በሳምንቱ ሽማግሌዎች ቤቷ ተላኩ። ሦስት ጋሼዎች፣ ሙሉ ልብስ ለብሰው። ጓደኛዬ እንደ ባህላችን ቡና አፈላች። እኔ ሲኒ አቀብል ነበር። «የሀገር ልጅ ነው፤ ተሳስቷል፤ ይቅር በይው፤ ገመናችንን ፈረንጅ ፊት አናውጣው» አሏት። ልጁ ደረጃው ላይ ተቀምጦ ይሰማል። እኔ አየሁት። እነሱ ጀርባቸውን ሰጥተውት ነበር።

እኔ ሽምግልና እወዳለሁ። እኔንና ባለቤቴን ያስታረቁን ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዕድሜ ይስጣቸው። ሽማግሌ ባልና ሚስት ያስታርቅ። የተካደ የዕቁብ ገንዘብ ያስመልስ። ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከትልቅ ሰው ጋር ምን ተጣልቶ ነው የሚታረቀው? ምን አጠፋና ነው ይቅር የሚባባለው?

ጓደኛዬ ቡናው ሦስተኛ ሳይደርስ ተነሳች። በማግስቱ ራሷ ደወለች። ረዳት አሰልጣኙ ግን እስከዚያው ሌላ ቡድን ገብቶ ነበር። ከእኛው ኮሚቴ የምስጋና ሰርተፍኬት ተሰጥቶት! እሷን ደግሞ በማኅበር አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። ሰላምታ የሚነሷት ዛሬም አሉ። ከነዚያ ውስጥ እዚህ አዳራሽ የተቀመጣችሁ ካላችሁ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ሄዳችሁ ሰላም በሏት። ሦስተኛው ጠረጴዛ ላይ ናት። እንዳወራ የፈቀደችልኝም እሷ ናት።

«ዝም አይነቅዝም» ይላሉ አባቶቻችን። ፔን ስቴት ውስጥ ነቅዟል። እኛም ጋ ነቅዟል።

«ስም ማጥፋት ቢሆንስ?» የሚል ሁልጊዜ አለ። ተገቢ ጥያቄ ነው። ግን መደወል መፍረድ አይደለም። አጣርቶ እውነቱ ላይ መድረስ የመርማሪዎቹ ሥራ ነው። እናንተ መርማሪ አይደላችሁም። ልጁን አስቀምጣችሁ መስቀለኛ ጥያቄ አትጠይቁት። ሰውዬውንም ጠርታችሁ «እስቲ እውነት ነው ወይ?» አትበሉት፤ ቴክስቱን እንዲያጠፋ ጊዜ መስጠት ነው። ከልጆች አርቁት፤ ደውሉ።

ቨርጂኒያ ከፔን ስቴት በኋላ፣ በ2012፣ ሕጓን አጥብቃለች። አሰልጣኝና የቡድን ኃላፊ፣ በበጎ ፈቃድ የሚያገለግልም ቢሆን፣ ጥርጣሬ ካደረበት በ24 ሰዓት ውስጥ ማሳወቅ አለበት። «እኔ እኮ በነፃ ነው የማገለግለው» አያስመልጥም። በቅን ልቦና የጠቆመን ደግሞ ሕጉ ይከልለዋል።

አንዴ ነግሮ መቀመጥም አይበቃም። የላሪ ናሳርን ነገር አስታውሱ፣ በሕክምና ስም ልጃገረዶችን ሲያስነውር የነበረውን የአሜሪካ ጂምናስቲክስ ቡድን ሐኪም። በ2015 ቅሬታው ለአሜሪካ ጂምናስቲክስ ፌዴሬሽን ደረሰ። አምስት ሳምንት ያህል ቆይቶ ለኤፍቢአይ ነገረ። ኤፍቢአይም ተኛበት። ልጃገረዶቹ ዝም ብለው መታከማቸውን ቀጠሉ። በ2018 ፍርድ ቤት ከ150 በላይ ተጎጂዎች ቃል ተሰማ። መልስ ካጣችሁ እንደገና ደውሉ። አሁንም ካጣችሁ ሌላ በር አንኳኩ።

የቀረውን ባጭሩ። አንድ ልጅ ከአንድ አሰልጣኝ ጋር ብቻውን መኪና ውስጥ አይሳፈር። ለልጅ የሚላክ ቴክስት ሁሉ ወላጅ ያለበት ግሩፕ ላይ ይሁን። መልበሻ ቤት ሁለት ትልቅ ሰው ይኑር። የሚመጣው አሰልጣኝ ለምን ከድሮው ቡድኑ እንደለቀቀ ደውላችሁ ጠይቁ፤ ሰርተፍኬቱን አትመኑ።

ይህ ሁሉ አንድ ገጽ ላይ ተጽፏል። የስቴቱ የጥቆማ መስመር ቁጥርም አለበት፤ ሌት ተቀን ይሠራል። ወረቀቱ በሩ ጋ ጠረጴዛው ላይ ነው። ኮሚቴውና አሰልጣኞቹ በሙሉ ሳትፈርሙ ወደ እራቱ አትሂዱ። የማይፈርም ካለ የቡድኑን ማሊያ ዛሬ ማታ ይመልስ፤ ልጆቻችንን አንሰጠውም።

አመሰግናለሁ።