አባቴ "ላም አለህ እንዴ?" ያለኝ ቀን

ባለፈው ክረምት አባቴ ጋ ደወልኩና "አባባ፣ ፈሳሽ ናይትሮጅን ገዛሁ" አልኩት። ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ "ላም አለህ እንዴ?" አለኝ።

ላም የለኝም። ቨርጂኒያ ውስጥ ነው የምኖረው። ያለኝ ጋራዥና አንዲት ያረጀች ግራፊክስ ካርድ ነው፤ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ የሚያሳየውን ምስል የምትሠራው ክፍል ማለቴ ነው። የዛሬው ወሬ ስለእሷ ነው። ስለአባቴም ነው መሰለኝ። እናንተ ፍረዱ።

አባቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ለብዙ ዓመታት አዳቃይ ነበር። ላሞችን በሰው ሰራሽ ዘዴ የሚያዳቅል ማለቴ ነው። ሞተር ሳይክሉ ላይ አንገቷ ቀጭን የሆነች የብረት ዕቃ ያስር ነበር። የሚሄድበት ቤት ደርሶ ክዳኗን ሲያነሳ ነጭ ጉም ይወጣል። እኛ ልጆቹ ጭስ ይመስለን ነበር። ውስጥ ያለው በቀጫጭን ስትሮ የታሸገ የኮርማ አባለ ዘር ነው፤ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ተነክሮ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ይቀመጣል። "ላሟ ኮርማ ፈልጋለች" የሚል ልጅ እየሮጠ ከመጣ አባቴ ምሳውን ትቶ ይነሳል። ላም ቀጠሮ አትሰጥም።

ያንኑ ፈሳሽ ሃያ ምናምን ዓመት ቆይቶ የኮምፒውተር ዕቃ ላይ ሳፈስ እገኛለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ነገሩን ለማታውቁት ላስረዳ። ግራፊክስ ካርድ ፋብሪካ የወሰነላት ፍጥነት አላት። ከዚያ በላይ ስትነዳት ኦቨርክሎኪንግ ይባላል። ፍጥነት ለመጨመር ቮልቴጅ መጨመር አለብህ። ቮልቴጅ ሲጨምር ሙቀት ይመጣል። ሙቀት ሲመጣ ትራንዚስተሮቹ፣ ማለትም የካርዷ ዋና ቺፕ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ ኤሌክትሪክ ያፈስሳሉ፣ ያ ደግሞ ሌላ ሙቀት ይጨምራል። እንዲህ እየተባባሰ ይሄድና ወይ ስክሪኑ ይጠፋል ወይ ካርዷ ትቃጠላለች። ቺፑን በጣም ካቀዘቀዝከው ግን መፍሰሱ ይቀንሳል፣ ውስጡ ያሉት የመዳብ መስመሮችም ኤሌክትሪኩን በቀላሉ ያሳልፋሉ። ያኔ በአየር ቢሆን ወዲያው የሚገድላትን ቮልቴጅ ትችለዋለች። ፋን የቱንም ያህል ቢነፍስ ከክፍሉ ሙቀት በታች አያወርድህም። ናይትሮጅን ያወርድሃል።

አሠራሩ ደግሞ የድሮ ነው። የካርዷን ፋን ነቅለህ ቺፑ ላይ ወፍራም የመዳብ ጣሳ ታስራለህ። ፖት ይሉታል። ከቴርሞስ እየቀዳህ በእጅህ ታፈስሳለህ። አንዱ ያፈሳል፣ ሌላው ኪቦርዱ ላይ ነው። ቴርሞሜትሩን እያየህ ጠብ፣ ጠብ። ቢሊዮን ትራንዚስተር ያለበትን ነገር በጠብታ ማስተዳደር ያስቃል።

የእኔዋ ጂቲኤክስ 1080 ቲአይ ነበረች። የ2017 ሥሪት፣ ሁለተኛ እጅ። ፋብሪካው 1,582 ሜጋኸርዝ ይላታል፤ በራሷ ፋን 1,900 ትሻገራለች። ችግሩ በሶፍትዌር ከ1.093 ቮልት በላይ አትፈቅድም። ስለዚህ ብየዳ ገባሁ። የቮልቴጅ መቆጣጠሪያው እግር ላይ ተለዋዋጭ ሬዚስተር መበየድ ነው። የሩዝ ፍሬ የሚያህል ቦታ ላይ እጄ እየተንቀጠቀጠ።

ከብየዳው በላይ ግን ጊዜ የበላው ቫዝሊን ነው። አዎ፣ ቫዝሊን። ናይትሮጅኑ ራሱ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፤ ቦርዱ ላይ ቢንጠባጠብ ተኖ ይሄዳል። ጠላቱ ውኃ ነው። ያን ያህል የቀዘቀዘ ብረት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፣ በረዶ ይሠራል፣ በረዶው ይቀልጣል፣ ውኃው የማይገባበት ይገባል። ስለዚህ ቦርዱን በሙሉ ቫዝሊን ትቀባለህ፣ በጣሳው ዙሪያ እንደ ሊጥ የሚታሽ ላጲስ ትለጥፋለህ፣ በላዩ ሶፍት ትጠቀልላለህ። ባለቤቴ "ቫዝሊኑን ማን ጨረሰው?" ስትል እኔ ጋራዥ ውስጥ ነበርኩ።

ቀኑን ደግሞ ሐምሌ አደረግነው። የቨርጂኒያን ሐምሌ የምታውቁት ትስቃላችሁ። አየሩ ራሱ እንደ እርጥብ ፎጣ ነው። ደብረ ብርሃን ብሆን ይሄ ሁሉ ችግር ግማሽ ይሆን ነበር ብዬ ተቆጨሁ።

ከብየዳ ጋዝ ሻጭ 25 ሊትር ገዛን። የጋራዡን በር ከፈትን። ይሄ ቀልድ አይደለም። አንዱ ሊትር ሲተን ወደ 700 ሊትር ጋዝ ይሆናል፤ ኦክስጅኑን ገፍቶ ያስወጣዋል። ሽታ የለውም፣ አያሳልም፣ ዝም ብሎ ይጥላል። አባቴ ዕቃውን መኪና ውስጥ ካስገባ ብርድም ቢሆን መስኮት ሳይከፍት አይሄድም ነበር። ያኔ ግትርነት ይመስለኝ ነበር።

ጓደኛዬ ያፈሳል፣ እኔ እነዳለሁ። 2,200። 2,350። ካርዷ ወደ 500 ዋት ስትበላ አንድ ሊትር ለአምስት ደቂቃ ያህል ብቻ ነው የሚያቆያት። አስሉት፤ አንድ ሊትር ሲተን የሚወስደው ሙቀት ወደ 160 ኪሎጁል ነው። ከዜሮ በታች 120 አካባቢ ስንደርስ ስክሪኑ ጥቁር ሆነ። ይሄ ኮልድ ባግ የሚሉት ነው። አንዳንድ ቺፕ ከሆነ ቅዝቃዜ በታች አልሠራም ይላል። መፍትሔው ምን መሰላችሁ? በእሳት ማሞቅ! ያን ሁሉ ብር ከፍለን ያቀዘቀዝነውን ጣሳ በጋዝ ችቦ አሞቅነው።

በመጨረሻ 2,500 አለፍን። ታይም ስፓይ የሚባለውን የግራፊክስ ካርድ ፍጥነት መለኪያ ፈተና ጨረሰች። ውጤቱን ኤችደብሊው ቦት ላይ አስገባነው፤ ኦቨርክሎኪንግ የሚሠሩ ሰዎች ውጤታቸውን የሚያወዳድሩበት ድረ ገጽ ነው። ደረጃችንን አልነግራችሁም።

ትልልቆቹ ሌላ ዓለም ውስጥ ናቸው። በ2014 አንድ ፊንላንዳዊ የኤኤምዲን ኤፍኤክስ 8370 ፕሮሰሰር በናይትሮጅን 8.72 ጊጋኸርዝ አስገባው (አንዱ ጊጋኸርዝ 1,000 ሜጋኸርዝ ነው)። ስምንት ዓመት ማንም አልነካውም። በ2022 መጨረሻ ኤልሞር የሚባለው ስዊድናዊ የኢንቴልን 13900ኬ ፕሮሰሰር ይዞ 9 ጊጋኸርዝን ሰበረ፤ እሱ ናይትሮጅን አልበቃው ብሎ ፈሳሽ ሂሊየም ነው የተጠቀመው፣ ከዜሮ በታች 269። ቁጥሩ የሚታየው ለቅጽበት ነው። ፎቶ ታነሳለህ፣ አለቀ። በግራፊክስ ካርድ በኩል ኪንግፒን የሚባለው ታዋቂ የኦቨርክሎኪንግ ሰው ስም ያለበትን ካርድ ይሠራ የነበረው ኢቪጂኤ የሚባል ኩባንያ ደግሞ በዚያው ዓመት መስከረም ግራፊክስ ካርድ መሥራት አቆምኩ አለ። እኔን ከሪከርዱ ይልቅ ያ ዜና ነው ያሳዘነኝ።

ወደ ካርዷ ልመለስ። ያን ቀን አልሞተችም። ያን ሁሉ ቮልቴጅ፣ ያን ሁሉ ብርድ፣ ችቦውንም ችላ ዋለች። ማታ ደስ ብሎን ተኛን። ጠዋት ተነስቼ ነካሁት፣ የደረቀ መሰለኝ። ሶፍቱን እንኳ አልፈታሁም። "አንዴ ብቻ ልያት" ብዬ አበራኋት። ጠሽ አለ። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። ሌሊቱን የቀለጠው ውኃ ከሶፍቱ ሥር ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር።

ይሄን ለአባቴ ስነግረው አልገረመውም። "በብርድ የሚሞት የለም" አለኝ። "እዚያ ውስጥ እስካለ ስንት ዓመት ይቆያል። የሚሞተው ሲወጣ ነው።" እሱ ስትሮውን ካነሳ ሰከንድ ይቆጥራል። ከዕቃዋ አንገት በላይ ትንሽ ካዘገየው ተበላሸ። ከዚያ ሞቅ ያለ ውኃ ውስጥ፣ ሠላሳ አምስት ዲግሪ ገደማ፣ ግማሽ ደቂቃ። ቴርሞሜትር ኪሱ ውስጥ ነበር ሁልጊዜ። ሰው "ዶክተር ናቸው?" ይል ነበር።

"አንተ ስንት ሰዓት ጠበቅህ?" አለኝ።

"ስምንት ሰዓት ይሆናል።"

"በምን አሞቅከው?"

"አላሞቅኩትም። ዝም ብዬ ተውኩት።"

ምላሱን መታ። ልጅ እያለሁ የቤት ሥራ ሳልሠራ ስቀር የሚመታው ዓይነት።

ከዚያ ስለ ናይትሮጅኑ ይጠይቀኝ ጀመር። ዋጋው፣ ዕቃው፣ ማን እንደሚያመጣው። እንደ ዘይት ከሱቅ እንደምገዛው ስነግረው ሳቀ። በእሱ ጊዜ ናይትሮጅን የዘገየ እንደሆነ ዕቃዋ እየጎደለች ትሄዳለች፤ ካለቀ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ያልቃል። እናቴን ማታ ማታ "ስንት ቀርቶልሃል?" ስትለው እሰማ ነበር። እሱም በእንጨት ለክቶ ይነግራታል።

"የተረፈ አልነበረም?" አለኝ አባቴ።

"ስድስት ሊትር ገደማ ተርፎ ነበር።"

"የት አደረጋችሁት?"

ግቢው ሲሚንቶ ላይ ደፍተን ጉሙን ቪዲዮ አነሳነው አልኩት።

ስልኩ የተቋረጠ መስሎኝ "አባባ?" አልኩ።

"አለሁ" አለ። "ስድስት ሊትር?"