በሲ ቋንቋ ርዝመቱ የሚለያይ መረጃን በስትራክቸር ስለማስቀመጥ፦ ደሴ ላይ ለኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች የተዘጋጀ ንግግር

የተከበራችሁ መምህራን፣ ውድ ተማሪዎች፣ እንደምን ዋላችሁ።

የወሎን ከተሞች አድራሻ የሚመዘግብ ፕሮግራም በሲ እንጽፋለን እንበል። ብዙዎቻችን ሳናመነታ የመዝገቡን ክፍሎች በአንድነት በሚይዘው ስትራክቸር ውስጥ 64 ባይት የሚይዝ አሬይ፣ ማለትም ተከታታይ የሜሞሪ ቦታ፣ እንመድባለን። ፊደላትን ወደ ባይት በሚቀይረው የዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የግዕዝ ፊደል 3 ባይት ስለሚወስድ «ደሴ» የጽሑፉን ማብቂያ ከምታመለክተው ባለ 1 ባይት ዜሮ ጋር 7 ባይት ይበቃታል፤ 57ቱ ያለ ሥራ ይቀመጣል። ብክነቱስ ይሁን። «ደቡብ ወሎ ዞን ወረባቦ ወረዳ ቢስቲማ ከተማ» ብለን ስንጽፍ ግን 21 ፊደልና እያንዳንዱ 1 ባይት የሆነ 6 ክፍት ቦታ፣ ከዜሮዋ ጋር 70 ባይት ይሆናል። ርዝመቱን ጠብቀን ከቆረጥነው «ከተማ» ከሚለው ቃል «ከ» ብቻ ትተርፋለች፤ ሳንጠብቅ ከገለበጥነው ደግሞ 6 ባይት አልፎ የጎረቤቱን ሜሞሪ ያበላሻል።

አድራሻውን ለብቻው መድቦ በስትራክቸሩ ውስጥ ጽሑፉ ያለበትን የሜሞሪ ቦታ የሚጠቁም ፖይንተር ብቻ ማኖርም ይቻላል። ይሁንና ለአንድ መዝገብ ሁለት ጊዜ ሜሞሪ መጠየቅና ሁለት ጊዜ መመለስ ይጠይቃል፤ ስትራክቸሩ እንዳለ ወደ ፋይል ቢጻፍም የሚጻፈው የሜሞሪው አድራሻ እንጂ ጽሑፉ አይደለም።

ለእንዲህ ያለው መዝገብ እኔ የምመርጠው እ.ኤ.አ. በ1999 የወጣው የሲ ደረጃ የፈቀደውን መንገድ ነው፤ ይኸውም የስትራክቸሩን የመጨረሻ አባል ቅንፉ ባዶ የሆነ፣ መጠኑ ያልተጻፈ አሬይ ማድረግ ነው። ከእርሱ በፊት ቢያንስ አንድ ስም ያለው አባል መኖር ግዴታ ስለሆነ፣ ርዝመቱን እዚያ ላይ መያዝ ይገባል። ሜሞሪ የሚመድበው ማሎክ ሲጠራ የስትራክቸሩን መጠን በሚሰጠው ሳይዝኦፍ ላይ 70 ባይቱ ይደመራል፤ ሁሉም በአንድ ቦታ ያርፋል፣ በአንድ ፍሪም ይለቀቃል። ከደረጃው በፊት ባለ 1 አባል አሬይ መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ከወሰኑ አልፎ መጻፍ የተለመደ ነበር፤ ዛሬ ለአዲስ ኮድ ያን ማድረግ ምክንያቱ አይታየኝም።

ጥንቃቄ የሚያሻው ሳይዝኦፍ ያንን አሬይ የማይቆጥር በመሆኑ ነው። አንዱን ስትራክቸር ለሌላው በእኩል ምልክት ብትሰጡት ርዝመቱ 70 ተብሎ ይገለበጣል፣ ጽሑፉ ግን ወደ ኋላ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ያንን 70 አምኖ የሚያነብ ፈንክሽን የሌላ ሰው ሜሞሪ ያነባል። ስለዚህ መገልበጥ ያለበት ሙሉ መጠኑ ተሰልቶ በሜምኮፒ ነው። እንዲህ ያሉ ስትራክቸሮችን በአሬይ መደርደርም ደረጃው አይፈቅድም፤ የሚደረደሩት ፖይንተሮቻቸው ናቸው።

አድራሻው በየጊዜው የሚረዝም ከሆነ ግን ምርጫዬን እቀይራለሁ። የተመደበን ሜሞሪ የሚያሰፋው ሪአሎክ መዝገቡን በሙሉ ወደ ሌላ ቦታ ሊያዛውረው ስለሚችል፣ የቀድሞውን የሜሞሪ አድራሻ የያዘ ፖይንተር ሁሉ በአንድ ጊዜ ዋጋ ያጣል፤ ለብቻው የተመደበ ጽሑፍ ቢዛወር ግን የሚታደሰው በስትራክቸሩ ውስጥ ያለው አንድ ፖይንተር ብቻ ነው።

አመሰግናለሁ።