ቁልፉ ሞተ ከማለታችን በፊት

እንደምን አደራችሁ፣ እህቶቼና ወንድሞቼ።

ንግግር አድርግ ስባል ደንግጬ ነበር። እኔ ብሎን መፍታት እንጂ ሰው ፊት መቆም አልለመድኩም። በኋላ ግን አብዛኞቻችሁ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠሩ መሆናችሁን ሲነግሩኝ ልቤ ተረጋጋ። ስንት ማመልከቻ፣ ስንት ክስ፣ ስንት የመመረቂያ ጽሑፍ በእናንተ ጣት አልፏል። ኪቦርድ እንዴት እንደሚንገላታ ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከራሴ ስህተት ልጀምር። ጥገና በጀመርኩበት ዓመት አንዲት እናት ላፕቶፕ ይዘው መጡ። «ፊደሉን ስነካው ዝም ይላል፤ ተጭኜ ስቆይ ነው የሚጽፈው» አሉኝ። እኔም በሙሉ ልብ «ኪቦርዱ አርጅቷል» አልኳቸው። ፈታሁት። ፍላት ኬብሉን፣ ማለትም ኪቦርዱን ከላፕቶፑ ጋር የሚያገናኘውን ጠፍጣፋ ገመድ ስነቅል፣ ኬብሉን ቆልፎ የሚይዘው ትንሽ ፕላስቲክ ቀጭ ብሎ እጄ ላይ ቀረ። ላብ በላብ ሆኜ እንደምንም አስተካከልኩት፤ አዲስ ኪቦርድም ገጠምኩ። አዲሱም ያንኑ አደረገ!

ለካ ኪቦርዱ ምንም አልሆነም። ዊንዶውስ ውስጥ ፊልተር ኪስ (Filter Keys) የሚባል ነገር አለ። ጣታቸው ለሚንቀጠቀጥ ሰዎች የተሠራ ነው፤ አጭር ንክኪን ችላ ይላል። በስተቀኝ ያለውን ሺፍት 8 ሰከንድ ተጭናችሁ ከያዛችሁ «ላብራው ወይ?» ብሎ ይጠይቃል። ሰው ደግሞ ሳያነብ እሺ ይላል። ሺፍትን 5 ጊዜ በተከታታይ ስትነኩ የሚመጣው ስቲኪ ኪስም (Sticky Keys)፣ ቁልፎችን አብሮ በመያዝ ፈንታ ተራ በተራ ለመንካት የተሠራው፣ የዚሁ ዘመድ ነው። ሁለቱም የሚጠፉት ከሴቲንግ ነው፤ ብሎን አይፈልጉም። የአዲሱን ኪቦርድ ዋጋ ከኪሴ ቻልኩት።

ከዚያ ወዲህ ብሎን መፍቻ የማነሳው መጨረሻ ላይ ነው። መጀመሪያ ጥፋተኛውን እለያለሁ። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራለሁ። ቀጥሎ የዊንዶውስ ቁልፍን፣ ኮንትሮልንና የኦ (O) ፊደልን አንድ ላይ እጫናለሁ። ስክሪኑ ላይ ኪቦርድ ይመጣል። አልሠራ ያለውን ፊደል በማውስ እነካዋለሁ። ከጻፈ፣ ፊልተር ኪስም ጠፍቶ ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ ኮምፒውተሩ ጤነኛ ነው፤ የታመመው ጣት የሚነካው ቁልፍ ነው። ካልጻፈ ችግሩን ሴቲንግ ውስጥ እፈልጋለሁ። ከጎረቤት ሱቅ የዩኤስቢ ኪቦርድ ተውሶ መሞከርም ያው ፍርድ ይሰጣል። ገመድ አልባ ከሆነ ደግሞ ባትሪውን ሳትቀይሩ ወደ እኔ ባትመጡ ደስ ይለኛል።

አንድ ልጅ «ቫይረስ ገብቶበታል፣ ፎርማት አድርግልኝ» ብሎ ላፕቶፕ አመጣ። ዩ ሲጫን 4፣ ጄ ሲጫን 1 ይጽፋል። ቁጥር መጻፊያው ለብቻ የሌለው ትንሽ ላፕቶፕ ነበር። ፊደሎቹን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ነም ሎክ የሚባል ቁልፍ በርቶበት ነው። አንድ ጊዜ ተጭኜ አጠፋሁት። ስንት ላስከፍለው? እስከ ዛሬ መልሱን አላገኘሁም።

አማርኛ ስንጽፍ ነገሩ ይበልጥ ያደናግራል። በላቲን ቁልፍ ድምፁን እየነካችሁ በምትጽፉበት ዘዴ፣ ላ የሚመጣው ኤል (L) እና ኤ (A) የሚባሉትን ቁልፎች አከታትላችሁ ስትነኩ ነው። እንግዲህ የኤ ቁልፍ ብትሞት አንድ ፊደል ብቻ አይደለም የሚጎድለው። ላ፣ ማ፣ ባ፣ ራ፣ ራብዑ በሙሉ ይጠፋል። «ሰላም» ብላችሁ «ሰልም» ይወጣል። ደንበኛው «የአማርኛው ሶፍትዌር ተበላሸ» ብሎ ሦስት ጊዜ ያስጭናል። ወደ እንግሊዝኛ ቀይራችሁ ያችኑ ቁልፍ ንኩ። እዚያም ዝም ካለች ሶፍትዌሩ ነጻ ነው።

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ኪቦርድ ላይ መቶ ያህል ቁልፍ አለ። ለእያንዳንዱ የራሱ ሽቦ አልተሰጠውም። አሠራሩ እንደ ሸማኔ ሥራ ነው፣ ድርና ማግ። ስስ ፕላስቲክ ላይ የተሳሉ መስመሮች ወዲህና ወዲያ ይሄዳሉ። አንድ ቁልፍ ስትጫኑ አንድ ድርና አንድ ማግ ይነካካሉ፤ ኮምፒውተሩም የትኛው መገናኛ እንደሆነ አይቶ ፊደሉን ያውቃል። ስለዚህ አንድ ቁልፍ ብቻ ዝም ካለች፣ ሥሯ ቆሻሻ አለ ወይም ከታች ያለችው ላስቲክ ደክማለች። አምስት ስድስት ቁልፎች አብረው ከሞቱ ግን አንድ ክር ተበጥሷል ማለት ነው። እነዚህ ቁልፎች የግድ ጎን ለጎን አይሆኑም። መስመሩ በራሱ መንገድ ስለሚዞር አንዱ እዚህ፣ አንዱ እዚያ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ከሆነ በብሩሽ መጥረግ ድካም ነው። ላፕቶፕ ከሆነ ፍላት ኬብሉ ላልቶ እንደሆነ ይታያል፤ ካልሆነ ኪቦርዱ ይቀየራል።

ለአንዷ ቁልፍ ግን ተስፋ አለ። አጥፉት፣ ገልብጡት፣ ቀስ ብላችሁ አራግፉት። ለስላሳ ብሩሽ ተጠቀሙ። በአፋችሁ እፍ አትበሉ፤ ምራቅ ይገባል። የዴስክቶፕ ኪቦርድ ቁልፎችን ፈልቅቆ ማውጣት ይቻላል፤ አስቀድማችሁ ግን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስፔስና ኢንተርን ተጠንቀቁ፣ ከሥራቸው የብረት ሽቦ አላቸው። የላፕቶፕ ቁልፍ ደግሞ እንደ መቀስ የተጠላለፉ ቀጫጭን እግሮች አሉት። እሱን መንቀል እኔንም ያስፈራኛል።

አቧራ የእኛ ሰፈር ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። አፕል በ2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢራቢሮ የተባለ በጣም ስስ ኪቦርድ አወጣ። ቅንጣት ፍርፋሪ ስትገባበት ፊደል ይደግማል ወይም ዝም ይላል። በ2018 በነጻ የመጠገን ፕሮግራም ከፈቱ። በ2019 ወደ መቀሱ መመለስ ጀመሩ። በ2022 ደግሞ ደንበኞች በዚህ ኪቦርድ ምክንያት የመሠረቱባቸውን ክስ ለመጨረስ 50 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማሙ። እኛ «ብሩሽ የለኝም» ብለን እናፍራለን!

ሻይ ላይ ግን ቆም ልበል። እኛ አገር ሻይ ማለት ስኳር ነው። ሲፈስ ውሃው ይደርቃል፣ ስኳሩ ይቀራል፣ ቁልፉን ያጣብቃል። ሲፈስባችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፣ ወዲያው አጥፉ፣ ባትሪው የሚወጣ ከሆነ አውጡ፣ ላፕቶፑን እንደ ድንኳን ከፍታችሁ ድፉት። «ይሠራ ይሆን?» ብላችሁ እየከፈታችሁ አትሞክሩ። ከሻዩ የተረፈውን ላፕቶፕ ይህ ጉጉት ሊገድለው ይችላል። ሩዝ ውስጥ መቅበር ትርፉ አቧራ ነው። የእጅ ሳኒታይዘርም አትቀቡት፤ ብዙውን ጊዜ ውስጡ ግሊሰሪን ስላለ ራሱ ያጣብቃል። ጠጋኝ ፈትቶ በንጹሕ አልኮል ይጠርገው።

አንድ ነገር ደግሞ ሳልናገር ብወርድ ይቆጨኛል። የላፕቶፑ ቁልፎች ከመሃል ወደ ላይ ካበጡ፣ ማውስ መንኪያውም አልጫን ካለ፣ ኪቦርዱን ተዉት። ከሥሩ ያለው ባትሪ አብጦ ሊሆን ይችላል። አትጫኑት፣ አትውጉት፣ ቻርጅም አታድርጉት። እሳት ሊያስነሳ ይችላል። አጥፍታችሁ ለባለሙያ ስጡ።

እንግዲህ ወሬው ይብቃን። ከኋላ ያለው ጠረጴዛ ላይ «ሞተዋል» ተብለው የመጡ ኪቦርዶች አሉ። ሁለት ሁለት ሆናችሁ አንድ አንድ አንሱ፤ ገና ብሎን አትፍቱ። ሻይ የያዛችሁ ግን ብርጭቆውን መስኮቱ ጋ አስቀምጡልኝ።