ፍሬቱ ሲነቀል፦ ከተራ ቤዝ ፍሬትለስ ቤዝ መሥራት

[ምስል፦ ጠረጴዛ ላይ የተጋደመ ቤዝ ጊታር። ካሜራው አንገቱን ይዞ ቀስ ብሎ ይሄዳል።]

አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች አያችሁ? ፍሬት ይባላሉ። ይሄ ቤዝ 20 አለው። ዛሬ አንድም አናስቀርለትም።

ደህናውን ቤዝ ለምን እናበላሻለን? ለድምፁ ነዋ! ፍሬት ያለው ቤዝ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው ደረጃ በደረጃ ነው የሚሄደው። ፍሬት የሌለው ይንሸራተታል፣ ያንጎራጉራል። ማሲንቆ ሲመታ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል፤ እዚያም ጣትን የሚያስቆም ብረት የለም። ዳኛው ጆሮ ነው።

[ምስል፦ ኮንትራባስ፣ አጠገቡ ቤዝ ጊታር።]

ጊታር ሠሪው ሊዮ ፌንደር እ.ኤ.አ. በ1951 ካሊፎርኒያ ውስጥ ፕሪሲዥን ቤዝ የተባለውን ቤዝ ጊታር ሲያወጣ ግን ፍሬቱ ትልቅ መሸጫው ነበር። ከዚያ በፊት የነበረው ኮንትራባስ፣ ቆመው የሚጫወቱት ፍሬት የሌለው ባለ ክር መሣሪያ፣ ግዙፍ ነው፣ መሸከሙ መከራ ነው፣ ድምፁም በባንዱ ይዋጣል። ትክክለኛውን ቦታ በጣት ማግኘትም ዓመታት ይፈልጋል። ፍሬቱ ይህን ገላገለ።

አሥር ዓመት ቆይቶ፣ በኋላ የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የሮሊንግ ስቶንስ ቤዝ ተጫዋች የሆነው ቢል ዋይማን ርካሽ ቤዝ ገዝቶ ፍሬቶቹን ነቀለ። ሐሳቡ አዲስ ለማስገባት ነበር። ድምፁን ሲሰማው በዚያው ተወው።

ነገሩን ያስፋፋው ግን ፍሎሪዳ ያደገው ቤዝ ተጫዋች ጃኮ ፓስቶሪየስ ነው። ጃዝ ቤዝ የተባለው የፌንደር ሞዴል፣ የ1962ቱ፣ ነበረው። አንዴ «ፍሬቶቹን በቅቤ ቢላ ነቀልኳቸው» ይላል፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ «ስገዛው ተነቅለው ነበር» ይላል። የጃኮ ነገር! የተነቀለበትን ስንጥቅ በእንጨት ስቱኮ ደፍኖ፣ ላዩን ለጀልባ በሚሠራ ኢፖክሲ፣ ሲደርቅ እንደ መስታወት በሚጠነክር ሙጫ፣ መሸፈኑ ግን የታወቀ ነው።

[ምስል፦ ካውያ፣ ፒንሳ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀት።]

ወደ ሥራው። የዚህ ቤዝ አንገት ከገላው ጋር የተያያዘው በአራት ብሎን ነው። ስለዚህ የምትወዱትን አንገት ፈታችሁ አስቀምጡና በሌላ ያገለገለ አንገት ተለማመዱ። እኔ ብሆን እንደዚያ ነው የማደርገው።

ክሮቹን አውልቁ። አንገቱ ውስጥ የተቀበረውን ማስተካከያ ዘንግ፣ ትረስ ሮዱን፣ አላሉት። ከዚያ የሬዲዮ ጠጋኞች የሚበይዱበትን ካውያ አግሉና ፍሬቱ ላይ ከጫፍ ጫፍ አስኪዱት። ሙቀቱ ሙጫውን ያላላዋል።

[ምስል፦ በቅርበት፣ የፒንሳው አፍ ከፍሬቱ ሥር ሲገባ።]

እዚህ ጋ ቀስ በሉ። የፒንሳው አፍ ጠፍጣፋ ሆኖ የተሞረደ መሆን አለበት። ከአንዱ ጫፍ ጀምራችሁ ጨበጥ፣ ለቀቅ፣ ትንሽ ወደፊት። ወደ ላይ አትጎትቱ። እንጨቱ ውስጥ የተቀበረው የፍሬቱ እግር ጥቃቅን ጥርሶች አሉት፤ ከጎተታችሁት እንጨቱን ይዞ ይነሳል። ስንጣሪ ከተነሳ ሳይጠፋባችሁ በሱፐር ግሉ መልሱት።

አሁን ወደ 0.6 ሚሊ ሜትር ስፋት ያላቸው 20 ስንጥቆች ቀሩ። ባዶ አይተዉም፤ አንገቱ ይልፈሰፈሳል፣ ክር ሲወጠርበትም ወደፊት ይጎብጣል። ስስ የእንጨት ልጣጭ በሙጫ አስገቡበትና ከላይ በብርጭቆ ወረቀት አስተካክሉ። ማስክ አድርጉ፣ አቧራው ለሳንባ አይሆንም። የልጣጩ ቀለም ፈካ ያለ ቢሆን ይሻላል፣ መስመሩ ይታያችኋል። መስመር አይቶ መጫወትን የሚንቁ አሉ። ተዋቸው፤ የጃኮም ቤዝ መስመር ነበረው።

ኢፖክሲ መቀባት ግዴታ ነው? እንደ ክሩ ነው። ክብ ሽቦ የተጠቀለለበት ክር እንጨቱን እንደ ሞረድ ይበላዋል፤ ጃኮ የተጫወተው በዚህ ነው፣ ኢፖክሲውም ለዚያ ነው። ጠፍጣፋ ሽቦ የተጠቀለለበት ክር ግን ለእንጨት የዋህ ነው። ኢፖክሲ አረፋ ይይዛል፣ ማስተካከሉ ቀናት ይፈጃል። ለመጀመሪያ ጊዜ የምትሠሩ ከሆነ ጠፍጣፋውን ክር ግዙና ተገላገሉ።

ፍሬቱ ሲነሳ ክሩ ሲጫኑት የሚያርፍበት ቦታ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ይርቃል። ክሮቹ ገላው ላይ የሚያርፉበትን ብሪጅ ዝቅ አድርጉ። ክሮቹ በአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበትን ነትም በቀጭን ሞረድ ጥለቅ አድርጉት፣ ግን በጥቂት በጥቂቱ። የበዛ ከተሞረደ ነቱ ይቀየራል።

[ምስል፦ በቅርበት፣ ጣት መስመሩ ላይ።]

ፍሬት ባለው ቤዝ ጣት የሚያርፈው ከብረቱ ኋላ ነው። እዚህ ግን መስመሩ ራሱ ላይ ነው፤ ወደ ኋላ ካላችሁ ድምፁ ይወርዳል። የክሩ ርዝመት 864 ሚሊ ሜትር በሆነ ቤዝ፣ ከነቱ እስከ መጀመሪያው መስመር 48.5 ሚሊ ሜትር ነው። ከ12ኛው እስከ 13ኛው ግን 24 ብቻ። ወደ ገላው በቀረባችሁ ቁጥር ስሕተቱ ጎልቶ ይሰማል።

አንገቱ ጎን ላይ ያሉት ነጥቦችም ያሳስታሉ። የተቀመጡት በሁለት መስመሮች መካከል ነው። በፕላስተር ሸፍኗቸውና አዲሶቹን ነጥቦች በየመስመሩ ትክክል አድርጉ።