«ለምን አጥንት?»

እሺ፣ ሰላም ናችሁ። ለዛሬ ሌላ ርዕስ ነበር ያዘጋጀሁት፣ ግን ከዚያ ኢንተርቪው በኋላ ጭንቅላቴ ሌላ ነገር አላስገባ ብሏል። አዎ፣ የአጥንት መጠገኛ ለመሥራት ያመለከትኩበት የአየርላንዱ ፒኤችዲ።

ሦስት ሰዎች ስክሪኑ ላይ አሉ። ስለ ስካፎልዱ፣ ማለትም የአጥንት ክፍተት ውስጥ ገብቶ አዲስ አጥንት ስለሚያድግበት ቀዳዳ ቀዳዳ ድጋፍ፣ ጠየቁኝ። ሴሎች እንዲገቡበት፣ የደም ሥርም እንዲበቅልበት ቀዳዳዎቹ ቢያንስ 100 ማይክሮሜትር፣ ቢቻል ከ300 በላይ ቢሆኑ ይመረጣል አልኩ። ጥሩ እየሄደ ነበር። ከዚያ ከሦስቱ አንዷ ሴትዮ «ለምን አጥንት?» አለችኝ።

ስለ ጋሼ ነገርኳት። ሞተር ገጭቷቸው ቅልጥማቸው ሲሰበር፣ ወጌሻ ጋ ሄደው ቁስሉ ሲያመረቅዝ፣ በኋላ ሐኪሞቹ የሞተውን አጥንት ቆርጠው ሲያወጡ ክፍተት መቅረቱን። ክፍተቱ የተሞላው ከራሳቸው ዳሌ በተወሰደ አጥንት ነው። ዛሬም ሐኪሞች ከሁሉ አብልጠው የሚያምኑት ይህንኑ ነው። አሁን እግራቸው ድኖ ዳሌያቸውን ነው የሚያማቸው፤ ሲቀመጡ ወደ አንድ ጎን ጋደል ይላሉ። እኔን ወደዚህ ሙያ ያስገባኝ ያ አቀማመጥ ነው።

ዝም ብላ ሰማችኝና «የምትሠሪው ነገር እንደ እሳቸው ላለ ሰው ይደርሳል ብለሽ ታስቢያለሽ?» አለች። በክፋት አይደለም፣ ከልቧ ነው። «ተስፋ አደርጋለሁ» አልኩ። ሌላ ቃል አልመጣልኝም።

ከዚያ ወዲህ ሌሊት ሌሊት ለሴትየዋ መልስ እሰጣለሁ። አንዳንዴ አሜሪካዊውን ተመራማሪ ላሪ ሄንችን እጠራላታለሁ። በ1967 አውቶቡስ ውስጥ ከቬትናም የተመለሰ ኮሎኔል አጠገቡ ተቀምጦ፣ ሰውነት የማይገፋው ነገር መሥራት ትችላለህ ወይ አለው። በ1969 ከአጥንት ጋር የሚጣበቅ ብርጭቆ ሠራ! ዛሬ የጥርስ ሳሙና ውስጥ ሳይቀር አለ። በጣም ደስ የሚል ታሪክ ነው፣ ስናገረው እንኳ ልቤ ይሞቃል።

ግን ደግሞ አሜሪካዊው የአጥንት ሐኪም ማርሻል ኡሪስት አለ። አጥንት የሚያበቅል ነገር መኖሩን የጻፈው በ1965 ነው። ከዚያ የመጣው ፕሮቲን በአሜሪካ ለአከርካሪ የተፈቀደው በ2002፣ ለቅልጥም ስብራት በ2004። 39 ዓመት። ዋጋውም በሺዎች ዶላር ነው። ይሄን ጋሼ ይከፍሉታል? ማን ይከፍልላቸዋል?

በነገራችን ላይ ስለ ፒኤችዲ ዕድል የጻፋችሁልኝ፣ አመልክቱ። እንደ ሆላንድ ባሉ አገሮች ፒኤችዲ ሥራ ነው፣ ውልና ደሞዝ አለው። በአውሮፓ ኅብረቱ የሜሪ ኪዩሪ የዶክትሬት መርሃ ግብር ግን፣ ከመቀጠራችሁ በፊት ባሉት 36 ወራት ውስጥ በምትሄዱበት አገር ከ12 ወር በላይ መኖር አይፈቀድም። እኔ ማስተርሴን ሆላንድ ስለሠራሁ በዚህ በኩል እዚያው ያለው የማስትሪክት ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶብኛል፣ ያንገበግበኛል። አዲስ አበባ ያላችሁ ግን ይህ ሕግ አይነካችሁም። ስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ ያለውን የኤኦ የአጥንት ምርምር ተቋም፣ ፖርቱጋል ደግሞ ሚኞ ዩኒቨርሲቲን እዩ።

እና ቢቀበሉኝ እሄዳለሁ? እሄዳለሁ መሰለኝ። እወደዋለሁ፣ እውነቴን ነው። አጥንት እኮ ሲድን ጠባሳ አይተውም፣ ራሱን መልሶ ይሠራል። ግን እነዚህን ሁሉ ዓመታት አይጥ ላይ ከማሳልፍ ወጌሻዎችን ማሠልጠን ይሻል ይሆን? ስብራቱ የሚታሰርበት መቃ በጣም ተጠብቆ ታስሮ ደም ባለመድረሱ ብቻ የሚቆረጥ እግር አለ። ለዚያ ስካፎልድ አያስፈልግም። ወይ ሁለቱም ይሆናል... ማን ገንዘብ ይሰጣል ለሱ ደግሞ።

የሴትየዋ ኢሜይል አለኝ። ልጻፍላት ብዬ ከፍቼ ነበር። ውጤቱ ሳይመጣ ደግሞ እንደ ልመና እንዳይሆን... አላውቅም። እናንተ ብትሆኑ ትጽፉ ነበር?